ፊት ጎማዬን ምን በላው?

ጎሚስታው ጎማውን ከቸርኬው አውልቆ ገለበጠውና እግሬ ሥር አስቀመጠው። "እስቲ ውስጡን እየው" አለኝ። በውጭ በኩል ጥርሱ ገና አዲስ ይመስላል። በውስጥ በኩል ግን እንደ ሊሾ ወለል ለስልሷል፤ ሽቦው ብቅ ሊል ትንሽ ነው የቀረው። ጎማው ከተገዛ ሰባት ወሩ ነው።

"ወንድሜ፣ በዚህ ጎማ የት ስትሄድ ነበር?"

አዳማ ደርሼ መምጣቴ ነበር። በፈጣን መንገዱ፣ ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ። እዚያ የተፈቀደው ፍጥነት እስከ 120 ነው፤ እኔም ከ100 በላይ እየነዳሁ ነበር። ያን ቀን ጎማው ፈንድቶ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ አደርኩ። ያን ጎማ ከውጭ ቆሜ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሁሌም ጤነኛ ነበር። በውስጥ ጠርዙ የሚያልቅ ጎማ እንዲህ ነው። መሪውን እስከ መጨረሻው አዙረህ ወይም ተንበርክከህ እጅህን ካልሰደድክ አታየውም።

ከዚህ በላይ ያንገበገበኝ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በእነዚያ ሰባት ወራት ውስጥ ሦስት ጊዜ አላይመንት አሠርቻለሁ። ሦስቱንም በኮምፒውተር። ወረቀቶቹን መኪናው ኪስ ውስጥ አስቀምጫቸው ነበርና አውጥቼ አየኋቸው። የሦስቱም የመጨረሻ ቁጥሮች አረንጓዴ ናቸው፤ ልክ ነው ማለት ነው። ታዲያ ጎማዬን ምን በላው?

መኪናዬ የ1990 ሞዴል ኮሮላ ነው፤ እኛ ዲኤክስ የምንለው። አሮጌ ነው፣ እወደዋለሁ፣ ልጆቼን ከሆስፒታል ወደ ቤት ያመጣሁት በእሱ ነው። ችግሩ የጀመረው በቀስታ ነው። መሪው ትንሽ ወደ ቀኝ ይስባል። መጀመሪያ ላይ ንቄው ነበር፤ ምክንያቱም አስፋልት ውሃ እንዲወርድለት ከመሃል ወደ ዳር ትንሽ ያዘነብላል፣ እኛ ደግሞ ቀኛችንን ይዘን ስለምንነዳ ጤነኛ መኪናም መሪውን ብትለቀው ቀስ እያለ ወደ ቀኝ ዳር መሄዱ አይቀርም። በኋላ ግን መሳቡ እጄ ላይ ይሰማኝ ጀመር። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መሪው ራሱ ጠመም ብሎ ነው የሚቆመው። ጉድጓድ ስረግጥ ደግሞ ከሥር "ቋ" የሚል ነገር አለ። ይቺን "ቋ" ያኔ ሰምቻት ብሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

አላይመንት ቤት ስሄድ "ባላንስና አላይመንት" አልኳቸው፣ ሁላችንም እንደምንለው፣ እንደ አንድ ቃል። አንድ አይደሉም። ባላንስ ማለት የጎማውና የቸርኬው ክብደት ዙሪያውን እኩል እንዲሆን ማድረግ ነው፤ ጎማው ማሽን ላይ ይሽከረከርና በቀለለበት በኩል ቸርኬው ላይ ትንሽ እርሳስ ይለጠፋል። ባላንሱ የተበላሸ መኪና ፍጥነት ሲጨምር፣ ብዙ ጊዜ 80ን ካለፍክ በኋላ፣ መሪውን ያንቀጠቅጥሃል። አላይመንት ግን የጎማዎቹ አቅጣጫ ነው። ወዴት ያያሉ? ቀጥ ብለው ቆመዋል ወይስ አዘንብለዋል? አላይመንቱ የተበላሸ መኪና ላያንቀጠቅጥህ ይችላል። ዝም ብሎ ጎማህን ይበላል።

በሰው እግር ብናየው ይገባል። ሸፋፋ ሰው ጫማውን በአንድ ጎን ይጨርሳል። ጫማ ሰፊ ሶሉን ገልብጦ ብቻ አይቶ ባለቤቱ እንዴት እንደሚራመድ ይነግርሃል። ጎማም እንደዚያው ነው። የሁለቱ ፊት ጎማዎች የፊት ጫፍ ከኋላ ጫፋቸው ይልቅ ከተቀራረበ ቶ ኢን ይባላል፤ ወደ ውስጥ ገብተው ነው የሚራመዱት፤ ከመጠን ሲያልፍ የውጭ ጠርዛቸውን ይጨርሳሉ። ከፊት ከተራራቁ ቶ አውት ነው፣ ያኔ የሚያልቀው የውስጥ ጠርዝ ነው። የኔ ይሄኛው ነበር። ካምበር የሚባለው ደግሞ ጎማው ከላይ ወደ ሞተሩ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ ነው፤ እሱም አንድ ጠርዝ ይበላል፣ ግን ለስለስ አድርጎ። በቶ፣ ማለትም በዚህ መግባትና መከፈት፣ የተበላ ጎማ ላይ መዳፍህን ከዳር ወደ ዳር ስታንሸራትት በአንዱ አቅጣጫ ልሙጥ ነው፣ በመልሱ ጥርሶቹ እንደ መጋዝ ይይዙሃል። ካስተር የሚባለው ሦስተኛው የብስክሌት ሹካ ወደ ኋላ ዘንበል እንደሚለው ዓይነት ነው። ከታጠፍክ በኋላ መሪው ራሱ ወደ ቦታው የሚመለሰው በዋናነት በእሱ ነው። በኔ ዓይነት መኪና ላይ እንደ ልብ የሚስተካከለው ቶ ብቻ ነው። ሌሎቹ ከተዛቡ የታጠፈ ወይም ያለቀ ነገር አለ ማለት ነው።

እና ሚሊ ሜትር ምን ያደርጋል? ትለኛለህ። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ሒሳቡ ግን ቀላል ነው። ቸርኬዬ ከፊት ጠርዙ እስከ ኋላ ጠርዙ 36 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በዚያ ላይ የአንዱ ጎማ የፊት ጠርዝ ከኋላ ጠርዙ 2 ሚሊ ሜትር ከተዛነፈ፣ ጎማው በተንከባለለ ቁጥር 2 በ360 እጅ ወደ ጎን ይጎተታል ማለት ነው። በአንድ ኪሎ ሜትር ከ5 ሜትር በላይ። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ እስክትደርስ ጎማህን አስፋልቱ ላይ 1 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ወደ ጎን ፍቀኸዋል። ደርሶ መልስ ሲሆን 3 ኪሎ ሜትር። ይህን ወረቀት ላይ ሳሰላው እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ደግሜ ነው ያሰላሁት።

መልሱን የሰጡኝ የሰፈራችን አዛውንት መካኒክ ናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው። ጋራዣቸው ጋራዥም አይባል፤ አጥር ጥግ ያለ የቆርቆሮ ጥላ ነው። የተበላውን ጎማ ይዤላቸው ሄድኩ፣ ሦስቱን ወረቀቶች ጭምር። ወረቀቶቹን አላዩም። ጎማውን በመዳፋቸው አንድ ጊዜ ዳሰሱት። "ክሪኩን አምጣ ልጄ" አሉኝ።

የፊት ቀኙን በክሪክ አነሳነው፣ ከሥሩም መደገፊያ አደረግን። ክሪክን ብቻ አምኖ መኪና ሥር መግባት የለም፤ ይሄን ሳይናገሩ አይጀምሩም። መጀመሪያ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ነቀነቁት። ዝም። ኩሽኔታውና ቦል ጆይንቱ ደህና ናቸው ማለት ነው። ከዚያ ግራና ቀኙን ይዘው ነቀነቁት። "ቋ።"

ያቺው "ቋ"። ከጎማው ጀርባ እጄን አስገብቼ እንድይዘው አደረጉኝ። መሪው ጎማውን የሚገፋበትና የሚጎትትበት ዘንግ ጫፍ ላይ ያለችው ታይሮድ ኤንድ ናት። ውስጧ ኳስ አለ፤ ኳሱ አልቆ ቤቱ ውስጥ ይዋልላል። የሚሸፍናት ላስቲክ ከተቀደደ ቆይቷል፣ ግሪሱ ወጥቶ አሸዋና ጭቃ ገብቶበታል። ጋሼ በሲባጎና በሜትር አሳዩኝ። ጎማውን ከፊት በኩል ወደ ውስጥ ገፍተው ለኩ፤ ወደ ውጭ ገፍተው ለኩ። ልዩነቱ 4 ሚሊ ሜትር። መሪው ሳይነካ! "አሁን የትኛውን ቁጥር ነው የምጽፍልህ?" አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ማሽኑ አልዋሸም። ማሽኑ መኪናው ቆሞ፣ ጎማው ባረፈበት ቦታ ያለውን ለክቶ ነበር፣ የለካውም ትክክል ነው። ግን መኪናዬ ከበሩ ወጥቶ ፍሬን ሲይዝ፣ ጉድጓድ ሲመታ፣ ቁልቁለት ሲወርድ፣ ጎማው የላላውን ያህል ወደ ውጭ ይከፈታል። የተካፈለው ለሁለቱ ጎማ ነው፤ 2፣ 2 ሚሊ ሜትር። የግራውም ውስጡ መበላት ጀምሮ ነበር። በእርግጥ ሁልጊዜ እስከ ጥጉ ተከፍቶ አይሄድም፤ ነዳጅ ስትሰጥ የፊት ጎማዎቹ ስለሚጎትቱ ተመልሶ ይገባል። እንደ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ነው የኖረው። ለሚከፈትና ለሚዘጋ ነገር ደግሞ አንድ አረንጓዴ ቁጥር መስጠት ምንም ማለት አይደለም።

በሦስቱም ጊዜ መኪናዬን ማሽኑ ላይ ከመውጣቱ በፊት በክሪክ አንስቶ ጎማውን የነቀነቀ ሰው አልነበረም። ይሄ ነው የሚያሳዝነኝ። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። መብራቶቹ፣ ካሜራዎቹ፣ ስክሪኑ ላይ የሚዞረው ሥዕል፣ ሁሉም ከዚያች ነቅነቅ በኋላ ነው ሥራ መጀመር ያለባቸው። ማሽኑን እየነቀፍኩ አይደለም። ኮምፒውተር የአራቱንም ጎማ አቅጣጫ በአንዴ ያያል፤ የኋላ አክሰል ጠሞ መኪናው እንደ ሸርጣን በጎን እየሄደ ከሆነ ይነግርሃል። ያንን በሲባጎ ለማግኘት ብዙ ልምድ ይጠይቃል። አዲስ መኪና ያለው ሰው፣ በተለይ መሪው ኤሌክትሪክ የሆነ፣ ማሽን ላይ መሄድ አለበት። ግን ከአላይመንቱ በፊት "ነቅንቀህ አይተኸዋል ወይ?" ብሎ መጠየቅ የሁላችንም መብት ነው። ደንበኛው ካልጠየቀ የሚጠይቅ የለም።

ታይሮዷን ሶማሌ ተራ ሄጄ ገዛሁ። ሁለቱንም፣ የግራውንም፤ አንዱ ካለቀ ሌላውም እዚያው መንገድ ላይ ነው የነበረው። ያገለገለ ርካሽ ነበር፤ ጋሼ ግን አስቀድመው አስጠንቅቀውኛል። ያገለገለ ፍሬን ሸራ አትገዛም፣ ያገለገለ የመሪ ዕቃም አትገዛም አሉኝ። አዲሱን ስትገዛም ኳሱን በእጅህ አዙረው፤ ጠንክሮ፣ ግን ሳይቆራረጥ ወጥ ሆኖ መዞር አለበት።

እሁድ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጀመርን። የድሮው ታይሮድ የታሰረበት ዳዶ ዝጎ አልፈታ ብሎ ነበርና ከዋዜማው ነጭ ጋዝ አጠጥተነው አድረናል። አሮጌዋን ከማውጣታችን በፊት ጋሼ ስንት ዙር እንደምትወጣ አስቆጠሩኝ። አዲሷም በዚያው ዙር ገባች። ይሄ አላይመንት አይደለም፤ ቢያንስ ከቤት እስከ አላይመንት ቤት ድረስ መኪናው እንዲነዳ የሚያደርግ ነው። ከዚያ መኪናውን ለጥ ያለ ሲሚንቶ ላይ አቆምነው። የአራቱንም ጎማ አየር እኩል አደረግን፣ የኋላ ዕቃ መጫኛውን ባዶ አደረግን፤ እኔ ሁሌ የምረሳው የልጆቼ ዕቃና አንድ ጀሪካን ውሃ ነበረበት። አንድ ጎኑ ዝቅ ያለ መኪና ላይ የሚወሰድ ልክ ውሸት ነው።

ከክሪክ የወረደ መኪናን ወዲያው አትለካም። ጎማዎቹ ሲወርዱ ወዲያው ወደ ቦታቸው ስለማይመለሱ መኪናውን ገፍተህ ሁለት ሦስት ሜትር ወደ ፊት ማንከባለል አለብህ፤ ያኔ ሾክ አብዞርበሩም ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ይቀመጣል። እኔና ሁለት የሰፈር ልጆች ገፋነው። መሪውን ቀጥ አድርገን በገመድ ከወንበሩ ጋር አሰርነው። ከዚያ በመኪናው ግራና ቀኝ፣ በቸርኬው መሃል ቁመት፣ ከፊት እስከ ኋላ ሲባጎ ወጠርን። መወጠሪያው ውሃ የተሞሉ ጀሪካኖች ናቸው። ዋናው ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ ሲባጎዎች እርስ በርስ ከፊትም ከኋላም እኩል መራራቅ አለባቸው። ሲባጎው ከፊት ጎማ መሃል ያለው ርቀት በግራም በቀኝም እኩል መሆን አለበት፤ ከኋላ ጎማ መሃል ያለውም እንደዚያው በግራም በቀኝም እኩል። የፊቱና የኋላው ግን እርስ በርስ እኩል ላይሆን ይችላል፤ ምክንያቱም ብዙ መኪኖች ከፊትና ከኋላ ስፋታቸው ትንሽ ይለያያል። ይሄን ያላወቀ ሰው ሲባጎውን የኋላ ጎማ ላይ አስጠግቶ ወጥሮ ይለካና ትክክለኛውን ጎማ ያበላሻል።

ከሲባጎው እስከ ቸርኬው የፊት ጠርዝ ትለካለህ፣ እስከ ኋላ ጠርዙ ትለካለህ። ልዩነቱ የዚያ ጎማ ቶ ነው። እንግዲህ ማስተካከያው፣ የታይሮዱን ዳዶ ማላላትና ዘንጉን ማዞር ነው። በኔ መኪና ዘንጉ ከአክሰሉ ጀርባ ስለሆነ ሲረዝም የጎማውን ጀርባ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ፊቱ ወደ ውስጥ ይገባል። ዘንጉ ከፊት የሆነበት መኪና ላይ ተገላቢጦሽ ነው። ሩብ ዙር ብቻ አዙረህ መልሰህ ለካ። ከማዞርህ በፊት ደግሞ ዘንጉ ላይ ያለውን የላስቲክ ሽፋን ማሰሪያ አላላው፤ አለበለዚያ አብሮ ይጠማዘዝና ይቀደዳል፤ ያኔ አሸዋው ወደ መሪው ጥርስ ይገባል።

ጋሼ ሁለቱንም ጎን እኩል እኩል ነው ያዞሩት። አንዱን ጎን ብቻ አዙሮ ጠቅላላ ልኩን ማምጣት ይቻላል፤ ጎማው አይበላም። ግን መሪው ጠሞ ይቀራል። መሪው ጠሞ መሃል ላይ ያልሆነ መኪና ስታይ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ቸኩሎ አንድ ጎን ብቻ አዙሮት ነው። እኔ በሜትሩ ስለካ ጋሼ መኪናው ፊት ተቀምጠው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያያሉ። "ቀኙ ትንሽ ይቀረዋል" ሲሉ እለካለሁ፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። የሁለቱን ድምር ወደ ዜሮ አካባቢ አደረጉት፤ ትንሽ ወደ ውስጥ እንዲገባ ብቻ። ይሄ ለሁሉም መኪና አይሠራም። የኋላ ጎማ የሚገፋው መኪና ሲሄድ የፊት ጎማዎቹ ወደ ውጭ መከፈት ስለሚፈልጉ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ቶ ኢን ይሰጠዋል። የመኪናህ መጽሐፍ የሚለውን መከተል ነው።

መጨረሻ ላይ ዳዶውን አጥብቀን፣ መኪናውን እንደገና ወደ ኋላና ወደ ፊት ገፍተን፣ እንደገና ለካን። ዳዶ ሲጠብቅ ዘንጉን ይዞት ሊዞር ይችላል። ሦስት ጊዜ ነው የለካነው። 7 ሰዓት ሆኖ ነበር፤ ባለቤቴ ምሳ አምጥታልን እዚያው በላን።

አባቴ ኤንትሬ የጭነት መኪና ነበር የሚነዳው፣ አሰብ መንገድ። ልጅ ሳለሁ ከመነሳቱ በፊት ጎማዎቹን አንድ በአንድ በብረት እየመታ ሲያዳምጥ አየው ነበር፤ አየር የቀነሰ ጎማ ድምፁ ይለያል። ያኔ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ያን እሁድ ጋሼ ጎማዬን በመዳፋቸው ሲዳስሱ አባቴ ትዝ አለኝ። መኪናውን በእጁና በጆሮው ነበር የሚያውቀው። እኔ ወረቀት አምኜ ቤተሰቤን አዳማ ይዤ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ መኪናውን ማክሰኞ ወደ አላይመንት ቤት ወሰድኩት። አዎ፣ ማሽን ላይ። የኋላውን ማየት ፈልጌ ነበር፤ የኋላው ደህና ሆኖ ተገኘ። የፊቱን ምንም አልነኩትም፤ ልጁ ስክሪኑን አይቶ "የት አሠርተኸው ነው?" አለኝ። "በሲባጎ" አልኩት። ከማሽኑ ላይ ሳይወርድ ሥሩ ገብቶ ታይሮዶቹን አያቸው።

አሁን በየሁለት ሳምንቱ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሬ የጎማውን ውስጥ በመዳፌ እዳስሳለሁ። በተለይ ክረምት ላይ፣ ጉድጓዱ ውሃ ሞልቶ ጥልቀቱ በማይታይበት ጊዜ፣ አንድ ጠንካራ ምት ከመታኝ በዚያው ሳምንት አያለሁ። የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ጎማ እየሰቀሉ ማቆምም ትቻለሁ። አዲሶቹ ጎማዎች 9 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄደዋል፤ ጥርሳቸው ከዳር ዳር እኩል ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤቴ ቪትዟን ይዛ ከአላይመንት ስትመለስ በር ላይ ተገናኘን። ወረቀቱን አሳየችኝ፣ ሁሉም አረንጓዴ ነው። "መሪው ግን አሁንም ይስባል" አለችኝ። ክሪኬን አወጣሁ። የፊት ግራውን አንስተን ግራና ቀኙን ይዛ እንድትነቀንቀው አደረግኳት። ነቀነቀችው። ቀና ብላ አየችኝ፣ እኔም ሰምቻለሁ። ነገ ጠዋት አብረን ሶማሌ ተራ እንሄዳለን።